አርባ አንድ ጊዜ ታብ

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ በጓሮ በኩል ባለው ደረጃ ሥር በጎኑ ተኝቶ ነበር። ሄድፎኑ አንገቱ ላይ ነው፤ ገመዱ ደረቱ ላይ ተጠቅልሏል፤ አንድ ጫማው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል።

«እዚህ ዘጠኝ ዓመት የሠራ ዓይነ ስውር ነው፤ ተደናቅፎ ይሆናል» አለ በሩን የሚጠብቀው ፖሊስ።

«ዘጠኝ ዓመት በወጣ በወረደበት ደረጃ?»

ጉልበቷን ይዛ ጎንበስ አለች። የሟቹ የግራ እጅጌ ከትከሻው ላይ ወደ ኋላ ተተርትሯል። የተደናቀፈ ሰው ልብስ ይቆሽሻል እንጂ ከኋላ ያዝ ያደረገው ሰው ከሌለ እንዲህ አይተረተርም።

ባልደረቦቿ «እትዬ ቀስታ» ይሏታል። በዚያ ሳምንት ብቻ አራተኛ ሬሳዋ ነበር፤ ድካሟም በአንድ ሌሊት እንቅልፍ የሚወጣ ዓይነት አልነበረም። ደረጃውን እያረፈች ወጣች።

ፎቁ ላይ ያለው ድረ ገጽ የሚሠራ ትንሽ መሥሪያ ቤት ነው፤ አራት ሰው ነበሩ። ሟቹ የተሠራውን ይፈትሽ ነበር፤ ሁሉም «ጋሼ» ይሉታል። የቀሩት ፕሮግራመሯ፣ ዲዛይነሩና ሥራ አስኪያጁ ናቸው። በዚያ ቀን የሆስፒታል ቀጠሮ ማስያዣ ገጽ ሊያስረክቡ ነበር፤ ጋሼ «አልፏል» ብሎ ካልጻፈ ደግሞ ርክክብ የለም።

ገና ሳትቀመጥ አለቃዋ ደወለ።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ሰውዬው እስከ አምስት ሰዓት ከአሥር ድረስ ሲሠራ ኮምፒውተሩ መዝግቧል። ሁለቱ ወንዶች አምስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ በፊት በር ሲወጡ ጥበቃው አይቷቸዋል፤ ከዚያ ሆስፒታል ነበሩ። ሬሳው እስኪገኝ ፎቁ ላይ የቀረችው ልጅቷ ብቻ ናት። ማታ ይዘሻት እንድትመጪ።»

«ገና ማታ አልሆነም» ብላ ዘጋችው።

ፕሮግራመሯ ውኃ የተሞላ ብርጭቆ ይዛ ሳትጠጣው ተቀምጣለች።

«ልጄ፣ መጨረሻ ያየሽው መቼ ነው?»

«አራት ሰዓት ላይ። ‹ዛሬም አላሳልፈውም› አሉኝ።»

«ምኑን?»

«መዝለያውን። ገጹ አናት ላይ አርባ ማውጫ አለ። ማውስ የያዘ ሰው የፈለገው ላይ ይጫናል። ማውስ መያዝ የማይችል ግን ታብ የምትባለውን ቁልፍ እየተጫነ አርባውንም አንድ በአንድ ማለፍ አለበት፤ ያውም በየገጹ። ለዚህ ነው ከሁሉ በፊት መዝለያ ሊንክ የምናስገባው። ታብ አንዴ፣ ኢንተር አንዴ፤ ወደ ዋናው ጉዳይ ይወስዳል።»

«ታዲያ ካስገባሽው ምን ጎደለ?»

«ለጋሼ ኮምፒውተሩ በሄድፎናቸው ድምፅ ያነብላቸዋል። ለሚያይ ሰው ግን አይታይም፤ ዲዛይነሩ ደብቆታል። ‹እጁ የሚንቀጠቀጥ ሕመምተኛስ? ማውስ አይዝ፣ ሊንኩን አያይ፤ ሐኪም ለማግኘት አርባ ጊዜ ይቀጥቅጥ?› አሉ።»

«ከዚያ በኋላ ግን አምስት ከአሥር ላይ ‹አልፏል› ብሎ ጽፏል። ሐሳቡን ለውጦ ይሆን?»

«ጋሼ? ድንጋይ ሐሳቡን ይለውጣል እንጂ ጋሼ አይለውጡም።»

አብረው ወደ ጋሼ ክፍል ገቡ፤ ክፍሉ የጓሮው ደረጃ አጠገብ ነው። ስክሪኑ በርቷል፤ ሹራቡ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። ልጅቷ በሩ ላይ ቀረች።

«ማነው ይህን ያበራው? ጋሼ ስክሪን አያበሩም። ‹ለእኔ የሹራብ መስቀያ ነው› ነበር የሚሉት።»

መርማሪዋ ሹራቡን አየችው።

ዲዛይነሩ ከመጠየቁ በፊት ተናገረ።

«መዝለያዋን የደበቅኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። አዲስ ሸሚዝ ላይ እንደተጣፈ እራፊ ብቅ ስትል ደሜ ይፈላል። በእሷ ከጋሼ ጋር ዘጠኝ ወር ተጣልተናል። ጠዋት እንሰዳደባለን፣ ምሳ አብረን እንበላለን። ነገ ከማን ጋር ልሰዳደብ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ ክራቫቱን እንዳጠበቀ ነበር።

«ያሳዝናል፤ ግን ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው። እያንዳንዷ የተጫናት ቁልፍ ትመዘገባለች። ማውስ እንኳ አልነካም።»

«እሱ በምንድን ነው የሚሠራው?»

«በታብ ነዋ። ታብ፣ ታብ፣ ታብ፤ እስኪደርስ ድረስ።» በጣቱ ጠረጴዛውን መታ መታ አደረገ።

«አያደክምም?»

«ለምዶታል እትዬ። ዓይነ ስውር ትዕግሥተኛ ነው።»

እሷም መዝገቡ ታትሞ እንዲመጣላት ጠየቀች።

አሥር ሰዓት ላይ ሦስቱንም ስብሰባ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወረቀቱን ዘርግታ መነጽሯን አጠራች።

«መዝገቡ እንደሚለው ሄድፎኑ ከኮምፒውተሩ የተነቀለው አራት ተኩል ላይ ነው፤ ከዚያ ወዲያ አልተሰካም። ስፒከር ደግሞ የለውም። የሚሰማው ሳይኖር ገጽ ሲፈትሽ የነበረው ዓይነ ስውር እንዴት ያለ ነው?»

ሥራ አስኪያጁ አሳለ።

«ስለዚህ የሠራው የሚያይ ሰው ነው። ለዚያ ነው ሹራቡ የተነሣው፤ ስክሪኑም የበራው። ጋሼ አራት ተኩል ላይ ከወንበሩ ተነሥቶ ሞቷል፤ ሌላ ሰው ቦታው ተቀምጦ እስከ አምስት ከአሥር ድረስ በሕይወት ያለ አስመሰለው። ከሦስታችሁ አንዳችሁ ናችሁ።»

«እሷ ናት የቀረችው!» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ቀስ ይበሉ። ሰውዬው ጋሼን ለመምሰል ማውስ አልነካም፤ ብልህ ነው። ግን በሦስት ገጽ ላይ፣ በየገጹ አርባ አንድ ጊዜ ታብ ተጭኗል። የመጀመሪያዋን ይጫናል፤ ምንም አይታየውም፤ ሦስት ሰከንድ ይቆማል። ቁልፉ ያልሠራ መስሎት እንደገና ይጫናል። እንዲህ እያለ አርባውን ማውጫ ይወርዳል። ጋሼ በዘጠኝ ወር መዝገብ ውስጥ ግን ታብ አንዴ፣ ኢንተር አንዴ ነው። መዝለያው ከአጠገቡ እያለ የሚያልፈው፣ መኖሩን የማያውቅ ሰው ነው።» ወደ ልጅቷ አየች። «ይቺ ሠራችው። ያ ደበቀው። እርስዎስ?»

«እኔ... ሪፖርት ላይ ፈርሜያለሁ።»

«አንብበው ነው?»

ሰውዬው ክራቫቱን ያዘ፤ ከዚያ እጁ ወረደ።

«ለምኜው ነበር» አለ። «አንዲት ቃል ጻፍልኝ አልኩት። ጥሎኝ ወጣ። እጁን ያዝኩት፣ መነጨቀኝ... መግፋት አልገፋሁትም።»

«ይህንን ላምንህ እችላለሁ፤ እጅጌውም ይመሰክርልሃል» አለች፤ «እርስዎ» ማለቷን ትታ ነበር። «ግን ወድቆ እያየኸው ወደ ላይ ተመልሰህ ወንበሩ ላይ ተቀመጥክ። ይቺን ልጅ በአንተ ፋንታ አሳልፈህ ሰጥተህ ልትወጣ ነበር። ለዚያኛው ምን እንደምልህ አላውቅም፤ ደክሞኛል።»

ፖሊሱ ይዞት ወረደ። ልጅቷ ወረቀቱን አየች፤ ከዚያ መርማሪዋን።

«ሆስፒታሉ ነገ ጠዋት ይከፍተዋል። ‹አልፏል› የሚለው በጋሼ ስም ነው ያለው። ላጥፋው?»

«ማስረጃ ነው፤ አይነካም።»

«ከሥሩ መጻፍስ?»

መርማሪዋ ጉልበቷን እያሸች አሰበች። «በራስሽ ስም ከሆነ የሚከለክልሽ የለም።»

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ከፈተች። ዲዛይነሩ ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

«የመዝለያዋን ቀለም እኔ ልምረጥ» አለ ቀስ ብሎ።

«የሚታይ ይሁን እንጂ ያሻህን ምረጥ።»

ስሟን ጻፈች፤ ቀጥላም «አላለፈም። መዝለያው ለዓይን አይታይም። እየታረመ ነው» ብላ አስገባች።