ግማሽ ቃሏን የወሰደው ሰው

«እስቲ ፈገግ በይ» አላት ካሜራውን ደቅኖ።

«እስፒል በአፌ ይዤ?» አለች ኮሌታ ሰፊዋ በጥርሷ መሃል።

ሳቀ። ልቧ ያኔውኑ ሄደ፤ ምን ታድርግ። የልብስ ፋብሪካው ስለ ሠራተኞቹ ኑሮ ፊልም እንዲሠራለት የቀጠረው ካሜራማን ነው። የቢሮ ሰዎች ሰፊዎቹን ቀና ብለው አያዩም፤ እሱ ግን ምሳ በደረሰ ቁጥር ከጎኗ ይቀመጥ ጀመር።

«ካላየሁሽ ምግብ አይወርድልኝም» አላት አንድ ቀን።

አመነችው። ስላመነችውም በካሜራው ፊት የሆዷን ዘረገፈችለት።

«እኛ ሰፊዎቹ ቤተሰብ ነን። ከጎኔ የምትሰፋው ጓደኛዬ እህቴ ናት። አረገዘች ብለው ሲያባርሯት ዝም አልልም።»

ፊልሙ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ታየ። ፊቷ ግድግዳውን ሞልቶ «ቤተሰብ ነን» አለ፤ ከዚያ ሥራ አስኪያጁ ፈገግ ሲል ታየና ሙዚቃ ገባ። በቃ! ሌላው የለም።

ለአለቆቹ ያደረች መስሏቸው ሰፊዎቹ ፊታቸውን አዞሩባት። ፊልሙ በስልክ ተላልፎ የተባረረችው ጓደኛዋ ዘንድም ደረሰ።

«እግዜር ይስጥሽ» ብላ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋችባት።

የኮሌታ ሰፊዋ ደም ፈላ። በሩን ሳታንኳኳ ካሜራማኑ ቢሮ ገባች።

«አለቃው ነው ቀሪውን ቆርጠህ አውጣ ያለኝ» አላት ገና ሳትጠይቀው።

«እጁ የማን ነበር?»

ካሜራውን ይወለውል ጀመር።

«የማን እጅ ነው ያወጣው?»

«የኔ።»

«እኔን ይቅርታ እንዳትለኝ። መጀመሪያ ጓደኛዬ ቤት ሂድ። ከዚያ ፊልሙን ባዩት ሁሉ ፊት ቁም። እስከዚያ ዓይንህን ማየት አልፈልግም።»

መጸዳጃ ቤት ገብታ አለቀሰች። ይበልጥ ያበገናት አሁንም እንደምትወደው ማወቋ ነው። እንዲህ ያለ ፍቅር ገደል ይግባ!

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛዋ ደወለች።

«ያ ሰውዬሽ መጥቶ ነበር። በር ላይ አቁሜ ሰማሁት። እሱን ገና ይቅር አላልኩም... አንቺ ግን እህቴ ነሽ።»

ምሳ ሰዓት ላይ ካሜራማኑ ምግብ አዳራሹ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ወጣ።

«ፊልሙ ላይ ያያችሁት ቃሏ ግማሹ ነው። ቀሪውን ቆርጬ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለና፣ ያለችውን አንድም ሳያስቀር ደገመው።

«ውረድ!» አለ ሥራ አስኪያጁ ከበሩ።

ጨርሶ ወረደ። ያኔውኑ መታወቂያውን ነጥቀው አሰናበቱት። ነፍሰ ጡሯን ግን አልመለሷትም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያንገበግባል።

ማታ ሰፊዋ ከሥራ ስትወጣ ከግቢው ውጭ ቆሞ አገኘችው።

«አሁንም ተናድጄብሃለሁ።»

«አውቃለሁ።»

«ቶሎ የሚበርድልኝ እንዳይመስልህ።»

«እስኪበርድልሽ እጠብቃለሁ።»

«እዚህ ተገትረህ? ና፣ እየሄድን እሰድብሃለሁ።»

እስከ ቤቷ ድረስ ሰደበችው። እጁን ግን አልለቀቀችም።