የመርከቧ በር

ከቀትር በኋላ አሰብ ትሞታለች። ሱቁ ይዘጋል፣ ውሻው ከጥላው አይነሳም፣ ሰውም ገመድ አልጋው ላይ በላቡ ተነክሮ ፀሐይ እስክታዘነብል ይጠብቃል። ከወረኢሉ የመጣው በያጁ ዘውገ ግን፣ ደገኛ አይደል፣ ሙቀት በሥራ ይረታል ብሎ ሌላው ሲያንኮራፋ መዶሻውን ያነሳል። ያን ሰሞን የሚሠራው ለገዛ ቤቱ ነበር። የእንጨት በሩን ምስጥ ስለጨረሰው፣ ባሕሩ ዳር በጎኗ ከተጋደመችው አሮጌ መርከብ የብረት በር ቆርጦ፣ በጀልባ አምጥቶ ገጠመ። ሚስቱ የሺመቤት ነፍሰ ጡር ናት፤ ልጁ ደህና በር ባለው ቤት እንዲወለድለት ፈልጎ ነው።

ጎረቤታቸው ሐጂ ዳውድ፣ ዕድሜያቸውን ዓሣ በማጥመድ የፈጁ ሽማግሌ፣ በሩን አዩና ከሩቅ ቆሙ።

«አንተ ደገኛ፣ ከዚህ ሁሉ ብረት እሱን መረጥክ?»

«ጠንካራ ነው ሐጂ! ያን ሁሉ ዘመን ጨው ውሃ ውስጥ ኖሮ አልተበላም።»

«እሱ አይደል እንዴ ነገሩ!»

ያን ቀን ከዚህ በላይ አልቀለዱም። መርከቧ የሰመጠችው የሐጂ አባት ገና ልጅ ሳሉ ነው። ከታች የነበሩት ሰዎች በሩ እንደተቆለፈባቸው ብረቱን ሲደበድቡ ከተማው ሁሉ ዳር ቆሞ ሰማ፤ መቁረጫ ያለው አልተገኘም፤ ድምፁ እየሳሳ፣ እየሳሳ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ በዚህ ሰፈር በር የሚያንኳኳ የለም፤ እንግዳ ደጅ ቆሞ «ቤቶች!» ይላል።

«ሰው ከሆነ ይጣራል» አሉ ሐጂ። «ካንኳኳ አትመልሱለት።»

የሺመቤትም ሰምታለች። ግን ወሎዬ ናት፤ እንግዳ ደጅ አቁሞ ዝም ማለት ከየት ይምጣላት? በማግስቱ በቀትር ምስር ስትለቅም በሩ ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ ተንኳኳ። «ግቡ!» የሚለው ቃል ሳታስበው ከአፏ ወጣ። የገባ አልነበረም። ከፍታ ስታይ፣ ዝናብ በተረሳበት አገር ደፉ ውሃ አቁሯል።

ከዚያ ወዲያ ቤቱ የበሰበሰ የባሕር ሣርና ያረጀ የሞተር ዘይት ይሸት ጀመር። የእንስራው ውሃ ጨው ጨው አለ። በሩ ፀሐይ ሲመታው እየዋለ በእጅ ሲነኩት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል፤ ያልበዋልም። የዘውገም ድምፅ ሰለለ፤ ሲስል ትንሽ ትንሽ ውሃ ይተፋል። ሐጂ ግን፣ ልማዳቸው ነውና፣ «ደግ ነው፣ የሚስትህ ጆሮ ያርፋል!» አሉት። ማንኳኳቱ በየቀትሩ ይመጣል፤ መጀመሪያ ከበሩ፣ ቀጥሎ ከግድግዳው፣ ቀጥሎ ከአልጋው ሥር፣ ሁሌም እየቀረበ።

አንድ ቀን የሺመቤት እጁን ሳብ አድርጋ ሆዷ ላይ አኖረችው።

«ልጁ ሲራገጥ እይ እስቲ።»

ዘውገ መዳፉን አሳርፎ ጠበቀ። ሦስት ጊዜ፣ ቀስ ብሎ።

 ክንዷን ይዞ ሐጂ ግቢ አደረሳት፤ «በሩን ነቅዬ ባሕር ልመልሰው» አላቸው ሐጂን በሹክሹክታ፤ ከዚያ በላይ የሚወጣ ድምፅ አልቀረውም። መዶሻውን ሊያመጣ ወደ ቤቱ ገባ። በሩ ከኋላው፣ ነፋስ ሳይነካው፣ እናት የተኛ ልጇን እንደምታለብሰው በዝግታ ተከደነ።

ከዚያ ሁሉ የቀትር ብርሃን አንድ ክር እንኳ አላስቀረለትም። ጨለማው ውስጥ ቀዝቃዛ ውሃ ቁርጭምጭሚቱን ነካው፣ ከዚያ ጉልበቱን። እጀታውን ቢስብ፣ በትከሻው ቢገፋ ንቅንቅ አላለም። «የሺ!» ሊል አፉን ሲከፍት የወጣው ውሃ ብቻ ነበር። መዶሻውን ዳብሶ አገኘና ብረቱን መታ፤ ደግሞ መታ። ያኔ ከግራውም ከቀኙም፣ ትንፋሻቸው ሳይሰማ፣ ሌሎች እጆች አብረውት ይመቱ ጀመር።

በብረቱ ውስጥ የሚስቱ ድምፅ ጥርት ብሎ መጣለት።

«ሐጂ፣ ዘውገ ይሆን እንዴ?»

«ሰው ከሆነ ይጣራል፣ ልጄ» አሉ ሐጂ፤ የሺመቤትም እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ በዚህ ጊዜስ አልሳሳትም ብላ፣ ድምፁ እየሳሳ እስኪጠፋ ድረስ ዝም አለች።