የተሰፋው ኪስ

ሟቿ የተገኘችው በልብስ ስፌት ፋብሪካው የጨርቅ መጋዘን ውስጥ፣ በሩ ሥር ተኮራምታ ነበር። ሰማያዊ የሥራ ጋዋኗን እንደለበሰች ነው። የቀኝ እጇ ጥፍሮች ተሰባብረዋል። ሆዷ ላይ የመርፌ ምልክቶች ስለታዩ ፖሊሶቹ ብዙም ሳይደክሙ ባሏን አሰሩት። ባልየው ነርስ ነው። መርፌ የሚወጋ ባል እያለ ሌላ ማን ይፈለጋል?

ጉዳዩ በማግስቱ የደረሳት መርማሪ ግን ባልደረቦቿ «ጉንዳን» የሚሏት ነበረች፤ ከያዘች አትለቅም። ጉንዳን ከሬሳው ይልቅ ጋዋኑን አብዝታ አየችው። የኪሱ አፍ በስፌት መኪና ተዘግቷል፤ ስፌቱ ዙሪያ ጨርቁ ተቧጥጧል። ስትደባብሰው የሚቆረቁር ነገር አለው። በምላጭ ተረተረችው፤ ከረሜላ ወጣ።

ከዚያ ባልየውን አስጠርታ አነጋገረችው።

«ስኳር ነበረባት» አለ። «ኢንሱሊኗን ጠዋት ጠዋት የምወጋት እኔ ነኝ። ትናንትም ወግቻታለሁ።»

«ቁርስስ?»

«ካረፈደች በሩ ይዘጋባታል። ዳቦዋን ይዛ ትሮጣለች፤ እሱንም ጥበቃዎቹ ተቀብለው ያስቀምጡታል። በሻይ ሰዓት ነው የምትበላው።»

«ሥራ ቦታ በሽታዋን ያውቁ ነበር?»

«ማን ይነግራቸዋል? የሚጥል በሽታ ያለባትን ልጅ ሲያባርሩ በዓይኗ አይታለች። ከዚያ ወዲህ ሲያንቀጠቅጣት ከረሜላ ጣል ታደርግና ዝም ነው።»

ጉንዳን ደሟ እየፈላ ወደ ፋብሪካው ሄደች። የስፌት ክፍሉ አለቃ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ተቀበላት።

«ሰክራ ነበር» አላት። «ላቧ ይንጠባጠባል፣ ምላሷ ይተሳሰራል። ስካሩ እስኪለቃት መጋዘን አስገባኋት።»

«ቆልፈውባት?»

«ሰካራም በር ተከፍቶለት ይቀመጣል እንዴ?»

«ኪሷንስ ማን ሰፋው?»

«የምግብ ፍርፋሪ ነጩን ጨርቅ አበላሸብን። ኪሳችሁን ዝጉ ብዬ አዘዝኩ፣ እያንዳንዷ በገዛ እጇ ሰፋች።»

«ትናንት ሴቶቹ ሻይ ወጥተዋል?»

«ሥራ አጣድፎን ነበር፤ አልወጡም።»

ጉንዳን ክፍሉን ዞረች። መቀሶቹ እንዳይጠፉ ከየስፌት መኪናው ጋር በሲባጎ ታስረዋል። ጋዋኖቹ ማታ ማታ አለቃው ቢሮ ይቆለፍባቸዋል፤ ጠዋት በር ላይ ቆሞ የሚያድለው ራሱ ነው። ከሟቿ አጠገብ የምትሰፋው፣ ሁሉም «እትዬ» የሚሏት ሴት፣ መርማሪዋ ስታልፍ ዓይኗን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ባልየውም ካቴናው እንዳለ መጣ።

«ይሄ ሰው መድኃኒቷን ሰጣት እንጂ አልገደላትም» አለች ጉንዳን። «መድኃኒቱ የደም ስኳር ያወርዳል። ምግብ ካልተከተለው ከልክ በላይ ይወርድና ሰው ያልበዋል፣ ይንቀጠቀጣል፣ እንደ ሰካራም ይንተባተባል። ሬሳውን የመረመረው ሐኪም ጠብታ መጠጥ አላገኘባትም። በጊዜ ብትውጠው ከረሜላ ይመልሳት ነበር። ከረሜላው ደግሞ ኪሷ ውስጥ ነው።»

«ታዲያ ራሷ ሰፍታ...» አለ አለቃው።

«ራሷ ብትሰፋው ከረሜላውን አታወጣውም? የሰፋው ጋዋኑ እሱ ጋ ያደረ ሰው ነው። ጠዋት በመቀስ ልትተረትረው ትችል ነበር። ግን ለምን ስትባል ምን ትመልሳለች? ፈራች። ሲቆለፍባት ደግሞ መቀሱ ከመኪናው ጋር ታስሮ ቀረ፤ በጥፍሯ ታገለች።»

«እሺ፣ እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለ አለቃው። «መታመሟን በምን አውቄ? የደበቀችው እሷ፣ የገደላት የገዛ ደሟ።»

ጉንዳን ወደ ሴቶቹ ዞረች። «አጠገቧ ተቀምጣ ከረሜላ ስትውጥ ያየች አለች። እሷ ዝም ካለች እኚህ አለቃችሁ ነገ ቤታቸው ይገባሉ።»

እትዬ ጋዋኗን ጨምድዳ ይዛ ተነሳች። «ነግሬዋለሁ። ሊቆልፍባት ሲል እጁን ይዤ፣ ስኳር አለባት፣ የምትቀምሰው ነገር ስጣት አልኩት። ‹በሽተኛ ከሆነችማ ነገ ትባረራለች፤ አንቺም ትከተያታለሽ› አለኝ። ሄጄ ተቀመጥኩ።»



«ለበሽታዋማ መድኃኒት ነበራት» አለችው ጉንዳን አለቃውን፣ ቁጣዋን መደበቅ ትታ። «ለፍርሃቷ ግን ምን ነበራት? ሰው ታመምኩ ማለትን ከሞት አብልጦ እንዲፈራ ያደረጉት እርስዎ ነዎት። በሩንም እያወቁ ቆለፉት። ሐኪሙ ስኳር ብሎ ይጻፍ፤ እኔ የምጽፈው የእርስዎን ስም ነው።»

ካቴናው ከባልየው ወደ አለቃው እጅ ዞረ። ባልየው ወደ በሩ ሄዶ፣ በውስጥ በኩል የተጫረውን እንጨት በመዳፉ ዳበሰው።

«እትዬ፣ ስታንኳኳ ይሰማችሁ ነበር?»

«ይሰማ ነበር፣ ወንድሜ።»

«ብዙ አንኳኳች?»

እትዬ ሌሎቹን ሴቶች አየች። ሁሉም አቀርቅረዋል።

«የስፌት መኪናው ሲፈጥን ሌላ ድምፅ አይሰማም» አለች። «አፈጠንነው።»