አራቱ የሙሾ ዲስኮች

የሳልኪን ኤጄ ሬሳ ከድምፅ ማኅደሩ ምድር ቤት ደረጃ ግርጌ ተጋድሟል። አንድ እጇ ወደ ግድግዳው ተዘርግቷል፤ ድምፅና መረጃ የሚያመላልሰው ቀጭኑ የብርሃን ገመድ ከመንገድ ወደ ቤቱ ወደሚገባበት። ሰው ሁሉ «ኤጄ»፣ ታላቅ እህቴ፣ ይላታል፤ ቢሽኬክ ውስጥ እሷን ያህል ሙሾ የሰማ ሰው የለም። ዕድሜዋን በሙሉ በየተራራው እየዞረች የአልቃሾችን ድምፅ ስትቀዳ ኖረች፤ ለራሷ የምታለቅስላት ሴት ልጅ ግን አልወለደችም።

ጃንግል ፎቅ ላይ፣ ቢሮው ውስጥ ተቀምጣ የምታስበው ይህንኑ ነበር። አስከሬን አጥቦ መሸኘት የሴት ዘመድ ሥራ ነው። ሳልኪን ያለቻት ሴት ደግሞ እሷ ብቻ ናት፤ ያውም በደም ሳይሆን አብሮ በመሥራት። ፖሊሶቹ ግን ጃንግልን ሊወስዷት መኪናቸውን አስነስተዋል። ቀትር ላይ ከሳልኪን ጋር ስትጨቃጨቅ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷላ። እሷ ከታሰረች ሳልኪንን ማን ያጥባታል?

መርማሪዋ ቡሩልቻ ስትመጣ መኪናው ሞተሩን አጠፋ። አጭርና ወፍራም ሴት ናት። ሰው ሲዋሽ አንገቷን እየነቀነቀች ታዳምጠዋለች፤ ውሸታሞች ይህን ይወዱታል።

«በምን ተጣላችሁ፣ ልጄ?»

«እናቴ ለወንድሜ ያለቀሰችው ሙሾ ከዲስኮቹ በአንዱ ላይ አለ» አለች ጃንግል። «ሳልኪን ኤጄ ስትቀዳት ‹ከዘመድ በቀር ማንም አይሰማውም› ብላ ቃል ሰጥታት ነበር። ዛሬ ሰው ሁሉ ወደሚሰማበት ወደ አካዳሚው ሊላክ ነው ሲባል አስቁሚው ብዬ ጮህኩባት።»

«እሷስ?»

«‹ምን ላድርግ፣ የሚልከው ኤርመክ ነው› አለችኝ። በሩን አላትሜው ወጣሁ።» ወደ ደረጃው አየች። «ደህና ዋይ እንኳ አላልኳትም።»

«ከዚያስ የት ዋልሽ?»

«ቦዩ ዳር። ብቻዬን።»

«ቦይ ደግሞ ፍርድ ቤት አይቀርብም» አለች ቡሩልቻ፣ እየተነፈሰች።

ቀጥሎ ሁሉ «ባይኬ»፣ ታላቅ ወንድም፣ የሚለው ዘበኛው ቱርዱባይ ቆቡን እያሻሸ ቀረበ። «ዓርብ አይደል፣ ኤጄ፤ መስጊድ ነበርኩ። ከሰላት በኋላ ደግሞ…» ሳል ያዘው። «ከኢማሙ ጋር ትንሽ ገበጣ ብጤ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱ ነዋ። አላህ ያግዘዋል።» ዘበኛው ሳይስቅ ነው የተናገረው። «ስመለስ ኤርመክን በር ላይ አገኘሁት፤ አብረን ገባን። ሻይ ጣድኩ። ገና ሳይፈላ ‹ሳልኪን ሞታለች› እያለ ከታች ጮኸ።»

ኤርመክ የመስመር መሐንዲስ ነው፤ ሸሚዙም ንግግሩም የተተኮሰ። «ገባሁ፣ አራቱን ዲስኮች ላክሁ፣ ሳልኪን ኤጄን ፍለጋ ወደ ታች ወረድኩ። ይኸው ነው።»

«አራቱንም? ሻይ ሳይፈላ?»

ኤርመክ ፈገግ አለ። «ኤጄ፣ ይሄ እኮ የብርሃን መስመር ነው። በሰከንድ አሥር ጊጋቢት ያሳልፋል። አራቱ ዲስኮች ተደምረው ሠላሳ ስድስት ጊጋባይት ናቸው። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው፤ በስምንት አባዢው፣ ለአሥር አካፍዪው። ግማሽ ደቂቃ አይሞላም።»

ቡሩልቻ በጣቶቿ አሰላችው። «ልክ ነህ።» ወደ አካዳሚውም ደወለች፤ አራቱም ሳይጎድሉ ደርሰዋል። ጃንግል በሆዷ «በቃ፣ አለቀልኝ» አለች።

መርማሪዋ ግን ወደ አሮጌው የዲስክ ማንበቢያ ሄደች። መዳፏን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች፤ ከምድጃ እንደወጣ ዳቦ ይሞቃል። ከዚያ መነጽሯን አድርጋ ተንበረከከች፤ ከኋላው እንደ ቀበቶ ሰፊ የሆነ ገመድ ይወጣል፣ ከገመዱም በላይ የፍጥነቱ ልክ ተጽፏል። ስትነሳ ሦስቱንም ወደ ቢሮው ሰበሰበቻቸው።

«ኤርመክ፣ ሒሳብህ ልክ ነው። የቆጠርከው ግን መንገዱን ነው፤ በሩን ዘለልከው። ድምፁ ብርሃኑ ጋ ከመድረሱ በፊት በዚህ ገመድ ማለፍ አለበት። ይሄ ደግሞ በሰከንድ አምስት ሜጋባይት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። መስመሩ የፈለገውን ያህል ቢፈጥን፣ አንዱን ዲስክ ለማውጣት ግማሽ ሰዓት ይፈጃል። አራቱን ሁለት ሰዓት።»

ኤርመክ ወደ ገመዱ ዞሮ አየ።

«ሳጥኑ አፉ አንድ ነው። አንዱን አውጥቶ ሌላውን የሚያጎርሰው እጅ ይፈልጋል። መስመሩን የሚከፍተው ደግሞ ያንተ የይለፍ ቃል ብቻ ነው። እንግዲህ ባይኬ ገበጣ ሲሸነፍ አንተ እዚህ ነበርክ። ስትጨርስ ወጥተህ በር ላይ ጠበቅከው። ሰው ሁሉ ስለ ብርሃኑ እንጂ ስለ ሳጥኑ አይጠይቅም ብለህ ነው። የደረሱበትን ሰዓት አካዳሚው ይልክልኛል፤ ለእኔ ግን ሻዩ ይበቃኛል።»

ኤርመክ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። «የብርሃኑን ገመድ ልትነቅል ወረደች» አለ። «ሰኞ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ፤ ሥራው አልቋል ብያቸው ነበር። እጇን ያዝኩት። ታገለችኝ፣ እግሯ ከደረጃው ላይ አዳለጣት።»

«ወዲያው ሞተች?»

ኤርመክ የሸሚዙን እጅጌ አስተካከለ።

«ኤርመክ።»

«ትተነፍስ ነበር። ሦስተኛው እየተላከ ነበር፤ ከተቋረጠ ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ሲያልቅ ሐኪም እጠራለሁ አልኩ።»

«ሲያልቅስ?»

«አራተኛውን አስገባሁ።»

ጃንግል አፏን በእጇ ያዘች። የእናቷ ሙሾ ያለው አራተኛው ላይ ነው። ሴትዮዋ ታች እያጣጣረች የእናቷ ለቅሶ በዚያ ሰፊ ገመድ ቀስ እያለ ሲያልፍ ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች። «ባልጮህባት አትወርድም ነበር።»

«ቃል የገባችው ለእናትሽ ነው» አለቻት ቡሩልቻ። «የወረደችው ቃሏን ልትጠብቅ ነው። ያንን አትውሰጂባት።»

ፖሊሶቹ ኤርመክን ይዘውት ወጡ። ቱርዱባይ ባይኬ ፊቱን በቆቡ ሸፈነ።

«መሄድ እችላለሁ?» አለች ጃንግል።

«ወዴት?»

«ውሃ ላሙቅ። ሳይመሽ መታጠብ አለባት።»

የፖሊስ ሐኪሙ ሬሳውን አይቶ ጨርሷል። ቡሩልቻ ኮቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ ጣለችና እጅጌዋን መጠቅለል ጀመረች።

«ብቻሽን አታገላብጫትም» አለች። «ነይ፣ ባልዲው የት ነው?»