ያልታየው የባሮ መታጠፊያ

ባሮ ከቡሬ ተራሮች ሲወርድ ጨዋ ወንዝ አይደለም። ጋምቤላ ከተማ ደርሶ ሰው የሚታጠብበት ሰፊ ውሃ እስኪሆን ድረስ በድንጋይ መሃል እየተላተመ፣ አረፋ እየደፈቀ ነው የሚመጣው። ያን ጠዋት ደግሞ ሌሊቱን የጣለው ዝናብ ተጨምሮበት፣ ሙስዓብ ካያኩን ገና ከዳር ሲገፋ ውሃው ጠባቧን ጀልባ ነጥቆ በረረ።

«ግራ! ግራውን ያዥ!» ብሎ ወደ ኋላ ጮኸ።

«አይቻለሁ! አንተ ፊትህን እይ!» አለችው ኛኩዎል፤ በራሷ ካያክ እየተከተለችው ነበር።

ሁለቱም የከተማው የቀዛፊዎች ክበብ ልጆች ናቸው። እሱ የገበያ ልጅ ነው፤ አባቱ ጨርቅ ይሸጣሉ። እሷ የወንዝ ዳሯ የኢታንግ ልጅ ናት፤ ውሃ አትፈራም። አሰልጣኛቸው ቲቸር ረታ በማግስቱ የመጀመሪያዎቹን እንግዶች በዚሁ መንገድ ሊያወርድ ነው። የሁለቱ ሥራ ቀድመው መውረድና አደጋ ያለበትን ቦታ ሁሉ አይተው መንገር ነበር። መሪነቱን ያገኘው ሙስዓብ ነው፤ እስኪሰጠው ድረስ ቲቸር ረታን ሰላም አልሰጠውም። ዛሬ ከተሳካለት ነገም እንግዶቹን የሚመራ እሱ ነው።

ክበቡ የማይደራደርበት ሕግ አለው። አረፋ የሚደፍቅ ነጭ ውሃ ሲመጣ መሪው ከጀልባው ይወርዳል፣ ዳር ዳሩን በእግሩ ሄዶ መጨረሻውን በዓይኑ ያያል። ከዚያ መቅዘፊያውን ሽቅብ ካቆመ «ነይ» ማለት ነው፤ አግድም ከያዘው «እንዳትመጪ»። በውሃው ጩኸት ሰው ለሰው ስለማይሰማማ፣ ከኋላ ያለው ሕይወቱን የሚሰጠው ለዚያች መቅዘፊያ ነው።

ወንዙ ወደ ቀኝ ከሚታጠፍበት ነጭ ውሃ ሲደርሱ ሙስዓብ ወረደ። ሳሩ ከቁመቱ በላይ ነበር። እየገፈተረ ጥቂት እንደሄደ፣ ከፊቱ አንድ ከባድ ነገር በአፍንጫው ተነፈሰ። ጎሽ! ባለበት ቆመ። መታጠፊያው እዚያው ፊት ለፊቱ ነው፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያለው ግን አይታይም።

ተመልሶ «ፈርቼ አላየሁም» ሊላት ይችል ነበር። ግን ጠዋት ላይ «የገበያ ልጅ ሳር ይፈራል እንዴ?» ብላ ስቃበታለች። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ሲያየው ውሃው ምንም አልነበረበትም። በአንድ ሳምንት ምን ይመጣል? እንዲህ ራሱን ሸንግሎ ተመለሰና ድንጋይ ላይ ወጥቶ መቅዘፊያውን ሽቅብ አቆመ።

ኛኩዎል አላመነታችም። እንደ ቀስት መጥታ በአጠገቡ አለፈች፤ ታጠፈችና ተሰወረች።

ወዲያው ፊሽካዋ ጮኸ፣ ደገመ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ሙስዓብ በዚያው ሳር ውስጥ ሮጠ። ጎሽ ያለው ነገር አንድ ከርከሮ ሆኖ፣ ጭራውን ቀስሮ ከፊቱ ፈረጠጠ። በከርከሮ ነው! ከርከሮ ፈርቶ ነው ሰው ወዳላየው ውሃ የላከው!

ከመታጠፊያው ወዲያ፣ ጎርፍ የነቀለው ትልቅ ሾላ ወንዙ ላይ አግድም ወድቋል። ውሃው በቅርንጫፎቹ መሃል ይሾልካል፤ ካያኳ ግን ተሰንቅራ ቀርታለች። ኛኩዎል ቅርንጫፍ አቅፋ አገጯን ብቻ ከውሃው በላይ ይዛለች።

«ያ አላህ! ያዥው!» ወገቡ ላይ የታጠቀውን የማዳኛ ገመድ ወረወረ፤ ውሃው ወሰደበት። ስቦ ደግሞ ወረወረ። በአንድ እጇ ያዘችው። የገመዱን ጫፍ ዳር ካለ ዛፍ ጋር አሰረና በደረቱ ግንዱ ላይ ተሳበ፤ ጃኬቷን ጨምድዶ እየጮኸ ጎተታት። ካያኳ ከክብደቷ ስትገላገል ተፈናጥራ ወጣችና ከታች ባለው ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ተንሳፈፈች።

ኛኩዎል ዳር ላይ ተዘርራ አስመለሳት። ትከሻዋ አብጧል።

«አንተ ባትኖር ሞቼ ነበር» አለችው።

ሙስዓብ ጫማውን አየ። አፉን ከፈተና «መቅዘፍ ትችያለሽ?» አለ። ሊል የፈለገው ይሄን አልነበረም።

የራሱን ካያክ በዳር ተሸክሞ አወረደ፣ የእሷንም ከረጋው ውሃ አወጣ። ከዚያ በኋላ መንገዱ ሁሉ ሃፍረት ሆነበት። ወንዙ ሰፍቶ ሲረጋጋ ጉማሬዎች ገጠሟቸው፤ ጆሯቸውና ዓይናቸው ብቻ ብቅ ብሏል።

«እኔ አንተን ብቻ ነው የማየው። አንተ በሄድክበት እሄዳለሁ» አለች፣ በአንድ እጇ እየታገለች።

ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ወርዶ ጭቃ ለጭቃ እስከ መጨረሻው ሄደ፤ አይቶ፣ ደግሞ አይቶ ተመለሰ። ጥልቀት በሌለው ዳር እየመራት ሳለ አንዱ ወይፈን ጉማሬ አፉን ከፍቶ ውሃውን እየቀደደ መጣ።

«ቅዘፊ! እንዳትዞሪ!» ብሎ ራሱ በጉማሬውና በእሷ መካከል ገባ። ማዕበሉ አጋድሞት ሊገለብጠው ትንሽ ቀረው፤ አሸዋው ላይ ሲወጡ ጉማሬው ተመለሰ። እሷ በአድናቆት አየችው። ያ ደግሞ ባሰበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከከተማው ድልድይ ሥር ደረሱ። ሰው ተሰብስቧል፤ ቲቸር ረታም ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ውስጥ ገብቶ ተቀበላቸው።

«መታጠፊያው እንዴት ነው? ነገ ሰው ይዤ ልግባበት?»

«ዛፍ አለ» አለች ኛኩዎል። «ጥፋት የኔ ነው፣ ቲቸር። እሱ ጥሩ መስመር አሳየኝ፣ እኔ ሳትኩ። እሱ ጎበዝ ነው፣ አዳነኝ።»

ሰው አጨበጨበ። አንዱ የሙስዓብን ጀርባ መታ መታ አደረገው።

«አላየሁም» አለ ሙስዓብ።

«ምን?»

«መታጠፊያውን። ሳሩን ፈርቼ ከመንገድ ተመለስኩ። ሳላይ ነው ነይ ያልኳት። ወላሂ ጥፋቱ የሷ አይደለም።»

ጭብጨባው ቀጥ አለ። ቲቸር ረታ መቅዘፊያውን ከእጁ ወሰደ። ኛኩዎል ግን ቀረበችው።

«ብሞት ኖሮ ለእናቴ ምን ትላት ነበር?»

የሚያምር መልስ ፈልጎ አጣ። እውነቱን ብቻ አገኘ፤ ከሁሉም የሚያሳፍረው እሱ ነበር።

«ውሃው ወሰዳት እል ነበር» አለ።

ሁለቱም ያለቅሱ ነበር።

«ነገ ዛፉን ልንቆርጥ እንሄዳለን» አለች ኛኩዎል። «እኔ እመራለሁ። አንተ ከኋላዬ ትመጣለህ።»

ያንን መሪነት ስንት ለምኖ ነበር ያገኘው!

«እሺ» አላት፣ ዓይኗን እያየ።