ሁለተኛ ፎቅ ላይ የተሠራችው ፌስ

«እዚህ ጋ ጎንበስ በሉ» አለች ኤልያና በእንግሊዝኛ። አሥራ አራቱ እንግዶች፣ ክራቫት ያሰሩትም ሕፃን ያቀፈችውም፣ ለምን ሳይሉ ጎንበስ አሉ። ከራሳቸው በላይ የነበረው ከፍሪጅ ካርቶን የተሠራ ቅስት ነው፤ በጣት ቢነኩት ይወድቃል። እሷ ግን ስንት ዘመን የቆመ ግንብ ሥር እንደሚያልፉ አድርጋ ስለተናገረች ሁሉም ተጠንቅቀው አለፉ።

ወላጆች በተጋበዙበት በዚያ የየካቲት ምሽት፣ ውጭ በረዶው ቁርጭምጭሚት ድረስ ሲያሰጥም፣ የትምህርት ቤቱ የሁለተኛ ፎቅ ኮሪደር የሞሮኮዋ ጥንታዊት ከተማ ፌስ ሆኖ ነበር። የዘጠነኛ ክፍል የጂኦግራፊ ተማሪዎች ሦስት ሳምንት ሙሉ ካርቶን ሲቆርጡና ቀለም ሲቀቡ ከርመዋል። መግቢያው ላይ በውጭ ሰማያዊ፣ በውስጥ አረንጓዴ የተቀባው ትልቁ በር አለ። ከዚያ ወዲያ ሦስት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ጠመዝማዛ መንገድ ነው።

«ይሄ የመዳብ ቀጥቃጮች አደባባይ ነው። በዓይናችሁ ሳይሆን በጆሯችሁ ነው የምታገኙት» አለች። የተማሪ ዕቃ ከሚቀመጥባቸው ሎከሮች ጀርባ የተደበቁ ሦስት ልጆች ድስት መቀጥቀጥ ጀመሩ። እንግዶቹ ሳቁ።

«ቀጥሎ ቆዳ የሚያለፉት ሰዎች ሰፈር ነው። የሰጠኋችሁን ናና አፍንጫችሁ ላይ ያዙ።» ይህን ያለችው በከንቱ አልነበረም። አንድ ባልዲ ውስጥ ኮምጣጤና ያደረ ሽንኩርት አዘጋጅታለች፤ ክራቫት ያሰሩት ሰውዬ ናናቸውን ጥለውት ኖሮ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

ልጅቷ ጎበዝ ነበረች፤ ጉብዝናዋንም አሳምራ ታውቀዋለች። ይህን ሁሉ ያስተማሯት ሪጀንት ፓርክ በሚባለው ሰፈራቸው፣ እነሱ ሕንፃ ስድስተኛ ፎቅ ላይ የሚኖሩት አቶ ድሪስ ናቸው። ፌስ ውስጥ ሃያ ዓመት አስጎብኚ ነበሩ፤ አሁን የመኪና ማቆሚያ ዳስ ውስጥ ትኬት ይቆርጣሉ። ከእናቷ ከትርፌ ጋር የተዋወቁት ምድር ቤት ልብስ ሲያጥቡ ነው። እሷ ካርቱም የለመደችውን አረብኛ፣ እሳቸው የሞሮኮውን፣ የጎደለውን ደግሞ በእጅ ምልክት እየሞሉ ይግባባሉ። በየቅዳሜው ኤልያናን የሕንፃውን ደረጃና ኮሪደር እያዞሩ አሠለጠኗት። «አስጎብኚ አፉን ከመክፈቱ በፊት የሰው እግር ያያል» አሏት። «መራመድ የሚከብደውን ከጎንሽ አድርገሽ በእሱ እርምጃ ትሄጃለሽ፤ ያኔ ማንም አይጠፋብሽም።» እሷም ከዘራ የያዙትን አንዲት አሮጊት ከጎኗ አድርጋ ነበር የምትመራው።

የካርቶኑ መስጊድ በር ላይ ቆመች። «እዚህ እኛ እንግዶቹ አንገባም። ከደጅ አይተን እናልፋለን።» ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «እኔም እዚህ ስኖር ሁልጊዜ ከዚህ ነበር የምመለሰው» አለች።

ሁሉ ነገር ያማረ ነበር፤ ይቺ የመጨረሻዋ ብቻ ውሸት ናት። ኤልያና ፌስን በሕልሟም አይታት አታውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ኅዳር ላይ ነው። መምህርቷ ሚስስ ሃርግሪቭ «ማን ያስጎብኝ?» ብለው ሲጠይቁ ሁለት እጅ ወጣ፤ የእሷና የልብ ጓደኛዋ የሰሎሜ። ሰሎሜ ከቤተ መጻሕፍት ሦስት መጽሐፍ አውጥታ አንብባለች። መምህርቷ የሰሎሜን ስም ሊጽፉ ጠመኔ ሲያነሡ ኤልያና ሳታስበው አመለጣት። «እኔ እዚያ ኖሬያለሁ። ወደ ካናዳ ስንመጣ አንድ ዓመት ፌስ ነበርን።» ክፍሉ በሙሉ ዞሮ አያት። ሰሎሜ ራሷ፣ «ለምን ነግረሽኝ አታውቂም? ዛት ኢዝ ሶ ኩል» ብላ እጇን አወረደች። ለሰሎሜ የደረሳት ሥራ ከኋላ ሆኖ ሰው እንዳይበተን መጠበቅ ነው፤ ሳታኮርፍ ተቀበለችው።

የመጀመሪያው ጉብኝት በጭብጨባ አለቀ። ያን ጊዜ ትርፌ የሆቴል ልብስ ማጠቢያ ሥራዋን ጨርሳ፣ ካፖርቷ ላይ በረዶ እንዳለ ደረሰች። ሚስስ ሃርግሪቭ አይተዋት እየተቻኮሉ መጡ።

«ወይዘሮ ትርፌ፣ እንኳን መጡ። ልጅዎ ፌስ እንደኖራችሁ ነግራናለች። ከግንቡ ውስጥ ነበር የምትኖሩት?»

ትርፌ የገባት ከግማሽ አይበልጥም፤ ግማሹ ግን በቂ ነበር። ልጇን አየቻት። ኤልያና ጫማዋን አየች።

ትርፌ የማታደርጋቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንዱ፣ ልጇን በባዕድ ፊት ማሳፈር ነው፤ ቁጣም ሆነ እርማት ቤት ገብቶ፣ በር ተዘግቶ ነው። ሁለተኛው፣ መዋሸት ነው። ካርቱም ሳሉ ለካናዳ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ ጎረቤቶቿ ታሪኳን ትንሽ እንድታሳምረው መክረዋት ነበር። «ያላየሁትን አየሁ አልልም» ብላ ያየችውን ብቻ ተናገረች። በዚህም ይሁን በሌላ፣ መልሱ ሳይመጣ አንድ ዓመት ተጨማሪ ጠበቁ። አሁን ግን ሁለቱ ነገሮች እኩል መጡባት፤ አንዱን መጣል ነበረባት።

«የስ» አለች ትርፌ ፈገግ ብላ። «ፌስ። ቬሪ ናይስ።»

«ግሩም ነው! ከሁለተኛው ጉብኝት በኋላ በሁሉም ፊት ጥቂት ቃል ይበሉልን» አሏት መምህርቷ። ትርፌ «ኦኬ» ብላ አንገቷን ነቀነቀች። እሳቸው ደስ ብሏቸው ሄዱ።

 ኤልያና እናቷ ስትዋሽላት ከማየት መምህሯ ፊት ብትጋለጥ ይሻላት ነበር። እናቷን እጇን ይዛ ኮት ወደሚሰቀልበት ጥግ ወሰደቻት።

«እማዬ፣ ሶሪ። አልነገርኩሽም እንጂ...»

«ምን እንድል ነው የምትፈልጊው?» አለች ትርፌ ካፖርቷን እያወለቀች። ቁጣ የለባትም፤ ደክሟታል። «ንገሪኝና ልያዘው። የአገሩን ስም፣ የሰፈሩን ስም። እንግሊዝኛውን ቀስ ብለሽ በይልኝ።»

ኤልያና ካፖርቱን ተቀብላት ሰቀለችው። ብትቆጣት ይቀላት ነበር።

«አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ» አለች እናቷ። «ካርቱም ምን አነሳት?»

«ምንም አላነሳትም። ግን ካርቱም ስል ስደተኛ ይሉኛል፤ ያዝኑልኛል። ፌስ ስል ደግሞ ይቀኑብኛል።» ስትሰማው ለራሷም የሕፃን ነገር መሰላት።

«ሦስት ዓመት የሰው ቤት እየጠረግሁ ያሳደግኩሽ እዚያ ነው» አለች ትርፌ።

ሰሎሜ እየሮጠች መጣች። «ኤሊ፣ ሁለተኛው ግሩፕ ሬዲ ነው።» ከዚያ ትርፌን አይታ እጇን በሁለት እጅ ጨበጠች። «እትዬ ትርፌ፣ ጤና ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎት? መጽሐፉ ላይ የፌስ ቤቶች በራቸው ላይ ሁለት ማንኳኪያ አላቸው ይላል፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ለእንግዳ፣ ድምፁም ይለያያል ይላል። እውነት ነው? ሁሌ ልጠይቅዎት እያልኩ...»

ትርፌ ልጇን ላለማሳፈር ሁለተኛውን ውሸት ልትጀምር አፏን ከፈተች።

«አታውቅም» አለች ኤልያና። «እማዬ ፌስን አታውቅም። እኔም አላውቅም። ካርቱም ነው የነበርነው።»

ሰሎሜ ሳቅ ልትል ነበር፤ የኤልያናን ፊት ስታይ ተወችው።

«ሲሪየስ ነሽ?»

«አዎ። ያቺን ቀን ሊጽፉ የነበረው ያንቺን ስም ነበር።»

«አውቃለሁ የማንን ስም ሊጽፉ እንደነበር» አለች ሰሎሜ። ዓይኗ ቀልቷል። «ለሦስት ወር እኮ ነው እንዴት ነበር፣ ምን ይመስል ነበር እያልኩ የጠየቅኩሽ። ሁሉንም መለስሽልኝ።»

 «ሁለተኛውን አንቺ ምሪ» አለቻት ኤልያና።

«ፕራክቲስ አላደረግኩም።»

«ሃያ ጊዜ ስሠራው ከኋላ ሆነሽ ሰምተሻል። ማንኳኪያውን እኔ አላውቀውም፤ አንቺ ታውቂዋለሽ።»

ሰሎሜ ወደ ሰማያዊው በር ሄደች።

ኤልያና ደግሞ ሚስስ ሃርግሪቭ ዘንድ። ቃላቱን አላሳመረችም፤ መዋሸቷን፣ እናቷ በሰው ፊት እንዳታሳፍራት ብላ ብቻ አዎ ማለቷን፣ ያስተማሯት አቶ ድሪስ መሆናቸውን ነገረቻቸው።  

«ስለ ማርኩ ሰኞ እንነጋገራለን» አሉ መምህርቷ። «እናትሽ ግን ዛሬ ምንም መናገር የለባቸውም። ይህን አንቺው ንገሪያቸው።»

ጉብኝቱ ተጀመረ። የሰሎሜ ድምፅ በሩ ላይ ትንሽ ተንቀጠቀጠ፤ በር ማንኳኪያው ጋ ስትደርስ ግን ጠራ። ሰሎሜ ኤልያና የማታውቃቸውን ነገሮች ሁሉ ትናገር ነበር፤ ሰዉም አፉን ከፍቶ ይሰማል። ወደ ኋላ አንድም ጊዜ አላየችም። ኤልያና ከሰልፉ መጨረሻ፣ ከእናቷ ጎን ትሄዳለች።

«ምን እያለች ነው?» አለች ትርፌ።

ኤልያና በአማርኛ ትነግራት ጀመር። ቃል ሲያጥራት በእጇ ታሳያታለች። ከሎከሮቹ ጀርባ ድስቶቹ መቀጥቀጥ ሲጀምሩ ትርፌ ቆም አለች። ፊቷ ተፈታ።

«የካርቱሙ ኦምዱርማን ገበያ እንዲህ ነበር የሚጮኸው» አለች። «አንቺ ጆሮሽን በሁለት እጅሽ ይዘሽ ቀሚሴ ሥር ትገቢ ነበር።»

ከፊታቸው የነበሩት ሽማግሌ ዞር አሉ። «ይቅርታ፣ እናትሽ ምን አሉ? ስለዚህ ቦታ ነው?»

ትርፌ እንደገና ልጇን አየቻት፤ ኤልያና በዚህ ጊዜ ጫማዋን አላየችም።

«አይደለም» አለች በእንግሊዝኛ፤ ድምጿንም ዝቅ አላደረገችም። «ስለ ካርቱም ነው። ስደተኞች ሆነን ሦስት ዓመት ኖረንበታል።»

«እስቲ ንገሩኝ» አሉ ሽማግሌው፤ እርምጃቸውን ቀነስ አድርገው ከእነሱ ጋር ወደ ኋላ ቀሩ።