ያልተሰባበረው ጠርዝ

ሟቹ ከደረጃው ግርጌ በጀርባው ተንጋሎ ወድቋል። መነጽሩ ደረቱ ላይ፣ አንድ ጫማው ሦስተኛው ደረጃ ላይ ቀርቷል፤ ከራሱ ሥር ብዙ ደም ረግቷል። የማስታወቂያ ድርጅቱ ሠራተኞች «ጋሼ ሚሊሜትር» ይሉት ነበር፤ አንዲት ፊደል በፀጉር ስፋት ከዘመመች ሥራውን እንዳለ ያስደግም ነበርና።

መርማሪዋ ደረጃውን እየቆጠረች ወጣች፤ አሥራ አራት። ላይኛው ጫፍ ላይ ከሟቹ ሸሚዝ የተበጠሰ ቁልፍ አገኘች፤ ጨርቁን ቦጭቆ ነው የወጣው። ተደናቅፎ የወደቀ ሰው የገዛ ቁልፉን አይበጥስም።

የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ስልክ ደወለ። «የእህቱን ልጅ ይዘናል። ስምንት ሰዓት ላይ ሲጨቃጨቁ ተሰምተዋል፤ አሥር ሰዓት ላይ ‹ሞቶ አገኘሁት› ያለችውም እሷ ናት። ነገ ጠዋት ፍርድ ቤት ትቀርባለች።»

«እስከዚያ ልጅቷን ወደዚህ ላክልኝ» አለች መርማሪዋ።

በሩ ላይ የሟቹ እህት፣ የተያዘችው ልጅ እናት፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ቆማለች። «ወንድሜን አጣሁ። ልጄንም ልትጨምሩልኝ ነው?»

መርማሪዋ እግሯ አላርፍ ብሏት ግቢውን ተሻግራ ማተሚያ ክፍል ገባች።

«ይህ ማሽን ሲጮህ ሰማይ ቢደፋም አልሰማ» አለ አታሚው ጆሮውን እየጎረጎረ። «ዘጠኝ ተኩል ላይ የጋሼ ሸሪክ የባነሩን ፋይል በኢሜይል ላከልኝ። ማተም ጀመርኩ። ሞተ ሲሉኝ ግማሹ ወጥቶ ነበር። ማሽን ሐዘን አያውቅ፣ ጨረሰው።»

ባነሩ ሊደርቅ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ስድስት ሜትር፤ መሐሉ ላይ በክብ ውስጥ የምትበር ወፍ።

ሸሪኩ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ እስክሪብቶ ይከፍታል፣ ይዘጋል።

«ከስድስት ሰዓት ጀምሮ ቤቴ ነበርኩ። ስምንት ተኩል ላይ ጋሼ አዲሱን ሎጎ፣ ወፏን፣ በስልኬ ላከልኝ፤ ይኸው። ባነሩ ላይ አስገብቼ ለአታሚው ላክሁ። ሞተ ሲሉኝ ነው የመጣሁት። አለቀ።»

ስልኩ ላይ ያችው ወፍ አለች፤ ከሥሯ «አሁን ጨረስኳት» የሚል መልእክት። መርማሪዋ በሁለት ጣቶቿ ለጠጠቻት። ክንፏ ተሰባበረና እንደ ደረጃ የተደረደሩ ካሬዎች ሆነ። ስልኩን እንደያዘች ወደ ባነሩ ተመለሰችና አፍንጫዋን አስጠጋች። እዚህ የክንፉ ጠርዝ በምላጭ የተቆረጠ ይመስላል።

ልጅቷ ከፖሊስ ጋር ስትደርስ ሁለቱን አሳየቻት። «ለምን ተለያዩ?»

ልጅቷ ዓይኗን ጠረገች። «የስልኩ በፒክስል የተሠራ ነው። ፒክስል አንድ ቀለም ብቻ የያዘች ደቃቅ ካሬ ናት። ሲለጥጡት ካሬዎቹ ይወፍራሉ እንጂ አዲስ አይወለድም።»

«ባነሩስ?»

«ከዋናው ነው፤ ቬክተር እንለዋለን። ኮምፒውተሩ የሚይዘው የመስመሩን ስሌት ነው። ቴምብር ያህል ቢያሳንሱት፣ ሕንፃ ያህል ቢያሳድጉት እንደገና አስልቶ ያወጣዋል።»

«ዋናው የት ነው የሚቀመጠው?»

«በአጎቴ ኮምፒውተር ውስጥ። ያ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይነካም። ለሸሪኩ ባነሩ ላይ ቦታ መያዣ እንዲሆን ትንሿን ምስል ይልካል። ማተሚያ ቀን ዋናውን በፍላሽ ይዞ ይወርድና ራሱ ያስገባል። ለእናቱም ቢሆን አይሰጥ።»

«ታዲያ ዛሬ ምን አጣላችሁ?»

«ሥራ ልለቅ ነው አልኩት። ‹ዋናዎቹን ላንቺ ላወርስ ወስኜ የት ትሄጃለሽ?› ብሎ ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ከዚያ ጥዬው ወጣሁ።»

መርማሪዋ ሁሉንም ከደረጃው በላይ ባለው የሟቹ የሥራ ክፍል ውስጥ ሰበሰበች። አስከሬኑን የመረመረው ሐኪምም ነበር። ማንንም አላስቀመጠችም፤ ራሷም ከመስኮት ወደ በር ትመላለሳለች።

«ወፏ ያለቀችው ስምንት ተኩል ላይ ነው። ዘጠኝ ተኩል ላይ ዋናዋ አታሚው ዘንድ ደርሳለች። ሟቹ ዛሬ ፍላሽ ይዞ አልወረደም። ስለዚህ በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ አንድ ሰው እዚህ ወጥቶ ቀድቷታል። ፋይሉን የላከው ደግሞ ‹ቤቴ ነበርኩ› ይላል።»

«ትንሿን አይቼ እንደገና ሣልኳት!» አለ ሸሪኩ። «ሃያ ዓመት የሣልኩ ሰው ነኝ እኮ!»

«ሊሆን ይችላል። ልጄ፣ እሱ የላከውን ፋይል ክፈቺ።»

ልጅቷ ከፈተች። «ሥዕሉ እንደ ተደራረበ መስታወት በንብርብር ነው የሚሠራው» አለች። «ያልተፈለገ ንብርብር እንደ መብራት ይጠፋል፤ አይታይም፤ ከፋይሉ ግን አይወጣም።» የታችኛውን አበራችው። ከወፏ ሥር ሌላ ወፍ ብቅ አለች፤ ከጎኗ በቀይ «አንገቷ ወፍሯል፤ ይደገም» ተጽፏል።

«ጉድ!» አለ አታሚው። «የጋሼ ሚሊሜትር የራሱ ቁጣ!»

«የሚታየውን አይቶ መሣል ይቻላል» አለች መርማሪዋ። «ይህችን ግን ከስልክህ ላይ አላየሃትም። ትንሿን ምስል ብታስገባ ኖሮ ማንም አይደርስብህም ነበር። ለምን አላስገባህም?»

ሸሪኩ እጁን ተመለከተ። «በስድስት ሜትር ላይ የተሰባበረ ክንፍ? እንዲያ ያለ ሥራ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም።» ከዚያ ድምፁ ወረደ። «ዋናዋን ስጠኝ አልኩት። ‹ዋናዎቹ ለእህቴ ልጅ ናቸው› አለኝ። ሃያ ዓመት አብሬው ስሠራ ትንሿን ብቻ እየላከ ነው የያዘኝ። ሸሚዙን ያዝኩት፤ እሱ ወደ ኋላ ሳበ፤ ቁልፉ ተበጠሰ። ወደቀ። ገና ሲወድቅ ሞቷል። ሞቷል እንጂ… ከዚያ ነው የቀዳሁት።»

መርማሪዋ መመላለሷን አቆመችና ሐኪሙን አየችው። ሐኪሙ አቀረቀረ።

«እስኪሞት ግማሽ ሰዓት ያህል ወስዶበታል» አለ። «ልቡ ባይመታ ኖሮ ያ ሁሉ ደም አይፈስም ነበር።»

ሸሪኩ ወደ ኮምፒውተሩ ወንበር፣ ከዚያ ወደ ደረጃው፣ እንደገና ወደ ወንበሩ አየ።

የሟቹ እህት ተጠግታ የልጇን ሁለት ጆሮዎች በመዳፏ ሸፈነች፤ ግን ረፍዶ ነበር።